ኢንሹራንሱ «አልከፍልም» ሲል፦ የኔሊን ፎክስ ቤተሰብ ታሪክ



የዛሬው ጽሑፍ ከወትሮው ለየት ይላል፤ ታሪክ ነው። አሜሪካ የምትኖሩ ተከታታዮች «ኢንሹራንሱ የእናቴን የካንሰር ሕክምና አልሸፍንም አለ፣ ምን እናድርግ?» እያላችሁ በውስጥ መስመር ትጽፉልኛላችሁ። አገር ቤት ያላችሁ ደግሞ ቤት ሸጠን፣ ዘመድ ለምነን ውጭ እንውሰዳት ወይ ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። ለሁለታችሁም የሚሆን አንድ የፍርድ ቤት ታሪክ አለ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ኔሊን ፎክስ ካሊፎርኒያ የምትኖር የሦስት ልጆች እናት ነበረች። በ1991 የጡት ካንሰር እንዳለባት ሲነገራት ገና አርባ ዓመት አልሞላትም። ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፣ ኬሞቴራፒም ወሰደች። ካንሰሩ ግን በቀጣዩ ዓመት ተመልሶ መጣ፤ ወደ አጥንት መቅኒዋ ደርሶ ነበር። ያን ጊዜ ሐኪሞች አንድ አዲስ ተስፋ ነበራቸው፦ ከፍተኛ መጠን ያለው ኬሞቴራፒ ከመቅኒ ንቅለ ተከላ ጋር።

ሐሳቡ ቀላል ነው። ኬሞቴራፒ ካንሰርን የሚገድል ከሆነ፣ መጠኑን ብዙ እጥፍ ብናደርገው የተረፈውንም አይገድልም? ችግሩ ያን ያህል መድኃኒት የደም ፋብሪካ የሆነውን መቅኒም አብሮ ያጠፋል። ስለዚህ አስቀድሞ ከታማሚዋ መቅኒ ይወሰድና በቅዝቃዜ ይቀመጣል፤ ኬሞቴራፒው ካለቀ በኋላ ተመልሶ ይሰጣታል። አመክንዮው ያምራል። እኔም በዚያ ዘመን ሐኪም ብሆን ኖሮ የማምንበት ይመስለኛል።

ኢንሹራንሷ ሄልዝ ኔት ግን «ይህ ሕክምና ገና በሙከራ ላይ ያለ ነው» ብሎ አልከፍልም አለ። ቤተሰቡ ቁጭ ብሎ አላለቀሰም። ጎረቤቱንና ወዳጁን አስተባብሮ ከ200 ሺህ ዶላር በላይ ሰበሰበ። እኛ አገር ዕድሩና የሠፈሩ ሰው እንደሚያደርገው ማለት ነው። ኔሊን በነሐሴ 1992 ንቅለ ተከላውን አገኘች። በሚያዝያ 1993 አረፈች።

ወንድሟ ጠበቃ ነበር፤ ኩባንያውን ከሰሰ። ጉዳዩን የሰማው ጁሪ በታኅሣሥ 1993 ኩባንያው ወደ 89 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ፈረደ፤ ከዚህ ውስጥ 77 ሚሊዮኑ ለቅጣት ነበር። ሁለቱ ወገኖች ኋላ ላይ በስምምነት ጨረሱት። የከሳሽ ጠበቆች አጥብቀው የተከራከሩት ክልከላው ከሕክምና ይልቅ የገንዘብ ውሳኔ ነበር፣ ወጪ ለሚቀንሱ ኃላፊዎች ጉርሻ ይሰጣል ብለው ነው። ጁሪው አመናቸው። የሦስት ልጆች እናት ሞታ ማን አይቆጣ!

ከፍርዱ በኋላ የኢንሹራንስ ድርጅቶች ፈሩ። በ1994 የአሜሪካ ፌደራል መንግሥት የሠራተኞቹን መድን የሚይዙ ድርጅቶች ሕክምናውን እንዲሸፍኑ አዘዘ፤ ሕግ ያወጡ ክፍለ ግዛቶችም ነበሩ። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶች ይህንን ንቅለ ተከላ አደረጉ። ሕክምናው ከባድ ነበር፤ ሳምንታት ሆስፒታል መተኛት፣ ኢንፌክሽን፣ የአፍና የአንጀት ቁስል። ከካንሰሩ ሳይሆን ከሕክምናው የሞቱም አሉ።

እስካሁን ታሪኩ ግልጽ ይመስላል፤ ክፉው ኩባንያ ተሸነፈ፣ ሕክምናው ለሁሉም ተከፈተ። ግን አንድ ጥያቄ ሳይመለስ ቀርቶ ነበር፦ ሕክምናው ይሠራል ወይ?

ይህን የሚመልሰው ታማሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ ግማሾቹ አዲሱን፣ ግማሾቹ የተለመደውን ሕክምና የሚያገኙበት ጥናት ነው። ዕጣው ለምን አስፈለገ? በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ንቅለ ተከላ የሚደረግላቸው ሴቶች በዕድሜ ወጣት፣ ልባቸውና ኩላሊታቸው ጤነኛ፣ ካንሰራቸውም ለመጀመሪያው ኬሞቴራፒ የታዘዘ ነበሩ። እነዚህ ሴቶች ያለ ንቅለ ተከላም ከሌሎቹ ረዘም ያለ ዕድሜ የሚኖራቸው ናቸው። ውጤቱ ሲታይ ሕክምናው ያዳናቸው መሰለ እንጂ ምርጫው ነበር ልዩነቱን ያመጣው።

ጥናቶቹ በአሜሪካ ተጀምረው ነበር፤ ተሳታፊ ግን ጠፋ። ከጥናት ውጭ ሕክምናውን ማግኘት የምትችል ሴት ለምን ዕጣ ታወጣለች? ፍርዱና ሕጉ ሳያስቡት መልሱን ዓመታት አዘገዩት። በመጨረሻ በ1999 ውጤቶች መቅረብ ጀመሩ። በ2000 በታተመው በአንደኛው ጥናት፣ ካንሰራቸው ከተሰራጨ ሴቶች መካከል ከሦስት ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት ንቅለ ተከላ ካደረጉት 32 በመቶ፣ የተለመደውን ኬሞቴራፒ ከወሰዱት ደግሞ 38 በመቶ ነበሩ። ልዩነቱ በአኃዝ ስሌት ትርጉም የሚሰጠው አይደለም፤ ያ ሁሉ ስቃይ ግን ዕድሜ አልጨመረም።

«ይጠቅማል» የሚል ውጤት ያመጣው ከደቡብ አፍሪካ፣ ከዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ዶክተር ቬርነር ቤዝቮዳ ነበር። የአሜሪካ ሐኪሞች በ2000 ሄደው መዝገቡን ሲመረምሩ የብዙ ታማሚዎች ሰነድ የለም፣ የፈቃድ ፊርማም የለም። ሰውየው ያቀረበው እውነት እንዳልነበር አመነ፤ ከሥራውም ተባረረ። ለእኔ የዚህ ታሪክ በጣም አሳዛኝ ምዕራፍ ይህ ነው።

እንዳትሳሳቱ፦ ንቅለ ተከላ ለደም ካንሰር፣ ለሊምፎማ፣ ለማየሎማ ዛሬም ሕይወት የሚያተርፍ ሕክምና ነው። ያልሠራው ለጡት ካንሰር ነው። ደግሞ ሁሉም ሰው ስለ ንቅለ ተከላ ሲያወራ፣ ሄርሴፕቲን የተባለው መድኃኒት በዕጣ በተከፈለ ጥናት ተፈትኖ በ1998 ተፈቀደ፤ ሄር-ቱ የሚባል ምልክት ያለበትን የጡት ካንሰር ሕክምና የቀየረው እሱ ነው።

እንግዲህ ኩባንያው ትክክል ነበር ማለት ነው? አይመስለኝም። የሚሞት ሰው በር ላይ ቆሞ በራሱ ኪስ ሒሳብ የሚፈርድ ዳኛ፣ መልሱ በአጋጣሚ ቢገጥምለት እንኳ ዳኛ አይሆንም። ቤተሰቡም አልተሳሳተም፤ ሐኪም የነገራቸውን አመኑ። «ማን ይክፈል?» እና «ይሠራል ወይ?» ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ ፍርድ ቤት መመለስ የሚችለው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ዛሬ አሜሪካ ላላችሁ ነገሩ ከኔሊን ዘመን ይሻላል። በ2010 በወጣው የጤና ሕግ መሠረት በአብዛኞቹ የግል ኢንሹራንሶች የክልከላ ደብዳቤ ከደረሳችሁ በኋላ ለራሱ ለድርጅቱ ይግባኝ ለማለት 180 ቀን አላችሁ። እሱም እምቢ ካለ፣ ከኩባንያው ውጭ ያለ ገለልተኛ ገምጋሚ እንዲያየው በ4 ወር ውስጥ መጠየቅ ትችላላችሁ። ሕመሙ ጊዜ የማይሰጥ ከሆነ አስቸኳይ ግምገማ ጠይቁ፤ በ72 ሰዓት ውስጥ መልስ ይሰጣል። ሜዲኬርና ሜዲኬድ የራሳቸው ቀነ ገደብ ስላላቸው ደብዳቤውን አንብቡ። ታማሚው ተቀባይነት ባለው የሕክምና ጥናት ውስጥ ከገባ ደግሞ፣ አብዛኞቹ ኢንሹራንሶች የተለመደውን የሕክምና ወጪ አልሸፍንም ሊሉ አይችሉም።

የትም ብትሆኑ፣ ገንዘብ መሰብሰብ ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪሙን ይህን ጠይቁ፦ «ይህ ሕክምና ከተለመደው ጋር በዕጣ ተወዳድሮ ያውቃል? ውጤቱስ እንደ እናቴ ባለ ደረጃ ላይ ላሉ ታማሚዎች ምን ያህል ጊዜ ጨመረ፣ በወር ወይስ በዓመት?» መልሱን ወረቀት ላይ ጻፉት። ኢንሹራንስ ከከለከላችሁም ይኸው ወረቀት ለይግባኙ ደብዳቤ ይጠቅማችኋል፤ ሐኪማችሁ ፈርሞበት አያይዙት።