የኖቶሪየስ ቢ.አይ.ጂ. ዘውድ
በወርቅማ ቀለም የተቀባ ፕላስቲክ፣ ሰው ሠራሽ ፈርጥ፤ ኒው ዮርክ፣ 1997 እ.ኤ.አ.

በብሩክሊን ተወልዶ ያደገው፣ ኖቶሪየስ ቢ.አይ.ጂ. በሚል ስም የሚታወቀው ራፐር ክሪስቶፈር ዋላስ፣ በ1994 ባወጣው የመጀመሪያ አልበሙ ስሙ ከገነነ በኋላ፣ ፎቶግራፍ አንሺው ባሮን ክሌቦርን የኒው ዮርክ ንጉሥ አድርጎ ሊያሳየው በፈቀደ ጊዜ፣ ይህን ዘውድ ደፍቶ በቀይ መደብ ፊት፣ እንደ ነገሥታት ሥዕል በግርማ ቀረበ። ቀረብ ብሎ ለሚመለከተው ወርቁ ቅብ፣ ዕንቍውም ሰው ሠራሽ መሆኑ አይሰወርም፤ ሞገሱን ያገኘው፣ በእውነቱ፣ ከደፋው ሰው ነው። ፎቶግራፉ ማርች 6 ቀን ተነሥቶ በሦስተኛው ቀን ዋላስ በሎስ አንጀለስ ከተማ በተተኰሰበት ጥይት በ24 ዓመቱ ዐረፈ፤ ሁለተኛው አልበሙ «ላይፍ አፍተር ዴዝ» የወጣው በዚያው ወር፣ ከሞቱ በኋላ ነው። ዘውዱ በ2020 በሶዝቢ ጨረታ በ594,750 ዶላር ተሸጧል።