አፉ አንድ፣ ጉልበቱ ልዩ ልዩ፦ ላፕቶፕ ከመግዛት በፊት ስለ መሰኪያ ሊታወቁ የሚገባቸው ነጥቦች

መካነ ሰላም፦ ልጁን ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚልክ አርሶ አደር ጤፉን ወይም በጉን ሸጦ ላፕቶፕ ሲገዛ ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ዋጋው እና ስለ አዲስነቱ ነው። በዕቃው ጎን ያሉትን ቀዳዳዎች አስተውሎ የሚመለከት ጥቂት ነው። ችግሩ የሚታየው ላፕቶፑ ቤት ከደረሰ በኋላ ነው፤ ፍላሹ አልገባ፣ ፕሮጀክተሩ አልገናኝ፣ ቻርጀሩ አልሞላ ሲል ያልታሰበ ወጪ ይከተላል። የቦረና ወረዳ ማዕከል የኾነችው መካነ ሰላም ከመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ካምፓሶች አንዱ የሚገኝባት ከተማ ናት። ስለዚህ ጉዳዩ የከተማውንም የገጠሩንም ቤተሰብ ይመለከታል።

ክርክሩ ከየት መጣ?

ቀደም ሲል በላፕቶፕ ላይ ለእያንዳንዱ ሥራ የተለየ ቀዳዳ ነበር። ክቡ ለኤሌክትሪክ፣ አይቢኤም እ.ኤ.አ በ1987 ያስተዋወቀው ቪጂኤ ለፕሮጀክተር፣ እ.ኤ.አ በ1996 የወጣው ዩኤስቢ ደግሞ ለፍላሽና ለማውዝ ያገለግላሉ። እ.ኤ.አ በ2014 ታይፕ ሲ የተባለው አዲስ የዩኤስቢ መሰኪያ ይፋ ኾነ። በውስጡ 24 መገናኛዎች አሉት፤ በየትኛውም ገጽ ቢገለበጥ ይገባል፤ ኤሌክትሪክ፣ መረጃ እና ምስል በአንድ ገመድ ሊያስተላልፍ ይችላል።

አፕል ኩባንያ እ.ኤ.አ በ2015 ከጆሮ ማዳመጫው ሌላ አንድ የታይፕ ሲ ቀዳዳ ብቻ ያለው ላፕቶፕ ለገበያ አቀረበ። በቀጣዩ ዓመትም በማክቡክ ፕሮ ላይ የነበሩትን ነባር የዩኤስቢና የኤችዲኤምአይ ቀዳዳዎች አስወገደ። ተጠቃሚዎች ለእያንዳንዱ ነባር ዕቃ አዳፕተር ለመግዛት ተገደድን ሲሉ ቅሬታ አሰሙ። ኩባንያው እ.ኤ.አ በ2021 ባወጣቸው የማክቡክ ፕሮ ምርቶች ላይ ኤችዲኤምአይን እና የካሜራ ካርድ ማስገቢያን መልሷል።

የለውጡ ደጋፊዎች አንድ ቻርጀር ለስልክም ለላፕቶፕም ማገልገሉ ወጪንም ብክነትንም ይቀንሳል ይላሉ። ተቃዋሚዎች ደግሞ የሚሠራ ፕሮጀክተርና ፍላሽ በእጁ ያለ ሰው የሽግግሩን ዋጋ ለምን ይከፍላል ሲሉ ይጠይቃሉ። አንድ ዕቃ ለብዙ ዓመታት በሚያገለግልበት በእኛ አካባቢ ኹለተኛው ጥያቄ ክብደት አለው።

የአውሮፓ ኅብረት ግን ጉዳዩን በሕግ ወስኖታል። የኅብረቱ ፓርላማ መስከረም 24/2015 ዓ.ም በ602 የድጋፍና በ13 የተቃውሞ ድምፅ ታይፕ ሲ የጋራ መሙያ እንዲኾን አጽድቋል። ሕጉ ለስልኮች ከታኅሣሥ 19/2017 ዓ.ም ጀምሮ የሚሠራ ሲኾን ለላፕቶፕ የተቀመጠው ቀን ሚያዝያ 20/2018 ዓ.ም ነው። ሕጉ ኢትዮጵያን አያስገድድም። ይኹን እንጂ አምራቾቹ ለዓለም ገበያ የሚያቀርቡት ዕቃ ተመሳሳይ በመኾኑ ለውጡ ወደ እኛም እየደረሰ ነው።

አፍ ቢመሳሰልም ጉልበት ይለያያል

በመስኖ የሚያለማ አርሶ አደር አፋቸው እኩል 3 ኢንች የኾነ ኹለት የውኃ መሳቢያ ሞተሮች እኩል ውኃ እንደማይገፉ ያውቃል። ስሱ ቱቦም የብርቱውን ሞተር ግፊት አይችልም። ኤሌክትሪክም እንዲሁ ነው። ቮልት እንደ ግፊቱ፣ አምፒር እንደ ፍሰቱ ነው፤ ኹለቱ ሲባዙ ዋት ይባላሉ። በ5 ቮልት 2 አምፒር የሚሰጥ የስልክ ቻርጀር 10 ዋት አለው። በ20 ቮልት 3.25 አምፒር የሚሰጥ የላፕቶፕ ቻርጀር ግን 65 ዋት ነው። ስለዚህ የስልኩ ቻርጀር መሰኪያ በላፕቶፑ ቀዳዳ ቢገባም ላፕቶፑን ላይሞላ ይችላል።

ደረጃውን የጠበቀ የታይፕ ሲ ቻርጀር ግን ከፍ ያለ ቮልት ከመልቀቁ በፊት ከዕቃው ጋር ይስማማል፤ በመኾኑም 65 ዋቱ ስልክን አይጎዳም። ክቡ የላፕቶፕ ቻርጀር ብዙ ጊዜ ይህ ጥንቃቄ የለውም። ቮልቱ በላፕቶፑ ላይ ከተጻፈው ጋር እኩል፣ አምፒሩ ደግሞ እኩል ወይም የሚበልጥ መኾን አለበት።

ገመዱም ይለያያል። ተራው የታይፕ ሲ ገመድ እስከ 3 አምፒር፣ ማለትም በ20 ቮልት እስከ 60 ዋት ይሸከማል። ከዚያ በላይ ለማስተላለፍ ለ5 አምፒር የተሠራ ገመድ ያስፈልጋል። ስልክ ለመሙላት የተሠሩ ብዙ ገመዶችም ምስል አያስተላልፉም።

ከመግዛትዎ በፊት

• ፍላሽዎን እና የስልክዎን ገመድ ይዘው ወደ ሱቁ ይሂዱ፤ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ሰክተው ይሞክሩ።

• ላፕቶፑ የታይፕ ሲ ቀዳዳ ካለው በእርሱ መሙላት እና ምስል ማውጣት ይቻል እንደኾነ በተግባር ይፈትሹ። በአንዳንድ ላፕቶፖች ላይ ቀዳዳው መረጃ ከማስተላለፍ በቀር ሌላ ሥራ የለውም።

• የትምህርት ቤቱ ወይም የመሥሪያ ቤቱ ፕሮጀክተር ቪጂኤ ብቻ ካለው አዳፕተር ሲገዙ አቅጣጫውን ይለዩ። ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይረው በተቃራኒው አይሠራም።

• በቤት የሶላር መብራት ላይ ያለው የ5 ቮልት ዩኤስቢ ለስልክ እንጂ ለላፕቶፕ አይበቃም። መብራት በማይደርስበት ቀበሌ ላፕቶፕ ለመጠቀም በቂ ባትሪና ኢንቨርተር ያለው ሶላር፣ ወይም የላፕቶፑን ዋት የሚሰጥ የታይፕ ሲ ፓወር ባንክ ያስፈልጋል።

• ቮልቱ እና አምፒሩ ያልተጻፈበትን ቻርጀር በርካሽነቱ አይግዙ።

መሰኪያው ወደ አንድ ዓይነት መምጣቱ ለገዢ ጥቅም አለው። ጥቅሙ የሚገኘው ግን ከመሰኪያው ቅርጽ ይልቅ በላዩ የተጻፈውን ቁጥር አንብቦ ለገዛ ሰው ነው።