የወረቀት ጥራትና የቃል ጥራት፦ የነፃ የሙዚቃ መጽሔቶች ጉዞ

እኛ መሐንዲሶች ስለ አንድ ዕቃ ጥራት ስንጠየቅ መለኪያችንን ይዘን እንቀርባለን። ስለ መጽሔት ጥራት ስንጠየቅ ግን መለኪያው ሁለት ይሆናል፤ አንደኛው የወረቀቱና የኅትመቱ፣ ሁለተኛው የቃሉና የፍርዱ ነው። ሁለቱ አብረው ያድጋሉ ብሎ መገመት የተለመደ ቢሆንም፣ በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር የታተሙት ነፃ የሙዚቃ መጽሔቶች ታሪክ የሚያሳየን ከዚህ የተለየ ነው። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

በ1966 በፔንሲልቬንያ የስዋርዝሞር ኮሌጅ ተማሪ የነበረው የ17 ዓመቱ ፖል ዊልያምስ «ክሮዳዲ» የተባለች መጽሔት ጀመረ። የመጀመሪያዋ እትም የተባዛችው በስቴንስል ማባዣ ነበር። ከእርሷ በፊት ስለ ዘመናዊ ዘፈን ይታተም የነበረው በአብዛኛው ወይ የነጋዴው የሽያጭ ሰንጠረዥ፣ ወይ የዘፋኞች ፎቶግራፍና ወሬ ነበር። ዊልያምስ ግን የሮክን ሸክላ እንደ አንድ የሥነ ጥበብ ሥራ አዳምጦ፣ የሰማውን በረጅሙ አብራራ። የአሜሪካ የሮክ ሒስ ከእነዚያ የደበዘዙ ገጾች ተነሣ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በማግሥቱ ዓመት፣ ማለት በ1967፣ ያን ዌነርና ራልፍ ግሊሰን በሳን ፍራንሲስኮ «ሮሊንግ ስቶን»ን መሠረቱ። መነሻ ገንዘቡ 7,500 ዶላር፣ ወረቀቱም የጋዜጣ ወረቀት ነበር። አንባቢው በበዛ ቁጥር ኅትመቱ አማረ፤ ብርቱ ዘገባዎችም ወጡበት። ይሁን እንጂ የማተሚያው ሒሳብ የሚከፈለው ከሽያጭ ብቻ ሳይሆን ከሸክላ ኩባንያዎች ማስታወቂያም ጭምር ነበር። የሚመዘነው ዕቃ ባለቤት ለመዛኙ ከፋይ በሆነ ጊዜ፣ ሚዛኑ ባይዛባ እንኳ መጠርጠሩ አይቀርም። መጽሔቱ በ1977 ወደ ኒው ዮርክ ሲዛወር፣ ከዳር የተነሣው መሐል ገባ።

በዚያው ሰሞን፣ በ1976፣ ለንደን ውስጥ የባንክ ጸሐፊ የነበረው ማርክ ፔሪ «ስኒፊን ግሉ»ን በጽሕፈት መኪናና በወፍራም እስክሪፕቶ አዘጋጅቶ በፎቶኮፒ አባዛ። ስሕተቱ እንኳ በስርዝ ብቻ ታልፏል። ቅጂዎቿ ከጥቂት አሥሮች ተነሥተው ሺዎች ደረሱ፤ ፔሪ ግን በ1977፣ ገና ተፈላጊ ሳለች፣ ዘጋት። አንባቢዎቹን ይመክር የነበረው የራሳቸውን መጽሔት እንዲጀምሩ ነበር።

ሆኖም ድህነት በራሱ ጥራት አይደለም። አራሚ የሌለው ብዕር ወዳጁን ያለ ልክ ሊያወድስ፣ ያልወደደውን ያለ ማስረጃ ሊዘልፍ ይችላል። ነፃነት ደንብ የሚያሻው ስለዚህ ነው። በ1982 በካሊፎርኒያ መታተም የጀመረው «ማክሲመም ሮክንሮል» የታላላቅ ኩባንያዎችን ማስታወቂያ ሳይቀበል፣ በበጎ ፈቃደኞች ጉልበትና በርካሽ ወረቀት፣ የወረቀት እትሙ እስከ ቆመበት እስከ 2019 ዘለቀ። ጥብቅነቱ አጥብቦታል የሚሉ ነበሩ፤ ነገር ግን አንባቢው የከፋዩን ማንነት ያውቅ ነበር።

ዛሬ ማንኛውም ኮምፒዩተር ያማረ ገጽ ስለሚያወጣ የወረቀቱ ጥያቄ ከሞላ ጎደል ተመልሷል። የቃሉ ጥያቄ ግን እኛንም ይመለከታል። በዚህ መጽሔት የአንድን ግንባታ ጉድለት ለመጻፍ ብንነሣና የተቋራጩ ማስታወቂያ በጀርባ ሽፋናችን ላይ ቢገኝ፣ የትኛውን እናወጣለን? ለዚህ የሚሆነውን ደንብ መጻፍ ያለብን ችግሩ ሳይደርስ፣ ዛሬ ነው።