ጭምብልና ብዕር፦ ካርሎ ጎልዶኒ ኮሜዲን ያደሰበት መንገድ

የኢጣልያን ቲያትር ታሪክ የጻፉ ሊቃውንት የካርሎ ጎልዶኒን ሥራ በአንድ ቃል ሲገልጹት «ተሐድሶ» ይሉታል። ቃሉ ትክክለኛ ነው። ይሁን እንጂ ተሐድሶ ሲባል ብዙ ጊዜ ወደ አእምሯችን የሚመጣው ዐዋጅ ነው፤ አንድ ዐዋቂ ወይም አንድ ባለ ሥልጣን ተነሥቶ አሮጌውን ሽሮ አዲሱን ሲደነግግ ነው። የጎልዶኒ ተሐድሶ እንዲህ ያለ አልነበረም። ይህ አጭር ጽሑፍ ለማሳየት የሚሞክረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ጎልዶኒ የተሳካለት በሚያድሰው ጥበብ ከሚኖሩት ሰዎች፣ ማለትም ከተዋንያኑና ከተመልካቹ ጋር፣ ደረጃ በደረጃ እየተስማማ በመሄዱ ነው። ሁለተኛ፣ ያ ስምምነት ሲላላና እርሱም ከአገሩ ሲወጣ ሥራውን ያተረፈለት በጽሑፍ ያኖረው ቃል ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

፩. ጎልዶኒ ያገኘው መድረክ

ጎልዶኒ በ1707 ቬኒስ ውስጥ ሲወለድ በኢጣልያ የኮሜዲ መድረክ ላይ የነገሠው ኮሜዲያ ዴል አርቴ የሚባለው የቲያትር ዓይነት ነበር። ይህ ጥበብ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ ያደገ ሲሆን፣ በ1545 በፓዶቫ ከተማ ተዋንያን ማኅበር የመሠረቱበት የውል ሰነድ ከቀደምት ማስረጃዎቹ አንዱ ነው። ተውኔቱ በቃል የሚጠና ድርሰት አልነበረውም። የታሪኩን አካሄድ በአጭሩ የሚያሳይ ንድፍ ብቻ ይዘጋጃል፤ ማን መቼ እንደሚገባ፣ ማን ማንን እንደሚያታልል፣ በመጨረሻም ማን ማንን እንደሚያገባ በዚያ ላይ ይሠፍራል። ንግግሩን ግን ተዋናዩ እዚያው መድረክ ላይ ከራሱ ያፈልቀዋል።

ገጸ ባሕርያቱም የታወቁ ነበሩ። ፓንታሎኔ ገንዘብ ወዳድና በስተርጅና ፍቅር የሚያጃጅለው የቬኒስ ነጋዴ ነው። ዶቶሬ ላቲን እያበላሸ የሚናገር የቦሎኛ ሊቅ ነው። ብሪጌላና አርሌኪኖ ከቤርጋሞ የመጡ አሽከሮች ናቸው፤ አንዱ ተንኮለኛ፣ ሌላው ቂላቂልና ሁልጊዜ የሚርበው። እነዚህ አራቱ ጭምብል ያጠልቃሉ፤ እያንዳንዳቸውም በየአገራቸው ዘዬ ይናገራሉ። ተዋናዩ አንድ ጊዜ አርሌኪኖ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ዕድሜውን ሙሉ አርሌኪኖ ሆኖ ይኖራል።

ይህን ጥበብ መናቅ ስሕተት ይሆናል። የኢጣልያ ተዋንያን በአውሮጳ አደባባዮችና ቤተ መንግሥታት የተፈለጉት በዚሁ ችሎታቸው ነው፤ ሞሊየርም በፓሪስ ከእነርሱ ጋር አንድ የቲያትር ቤት ተጋርቶ ብዙ ተምሮባቸዋል። ነገር ግን በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ከቅጽበት ይፈልቃል የተባለው ንግግር አብዛኛውን ጊዜ ከልማድ የሚቀዳ ሆኖ ነበር። ተመልካቹ ቀልዱ ከመነገሩ በፊት ያውቀዋል፤ ተዋናዩም ሳቅ ሲያጥረው ወደ ብልግና ያዘነብላል።

፪. ደረጃ በደረጃ

ጎልዶኒ በ1731 ከፓዶቫ ዩኒቨርሲቲ በሕግ የተመረቀ ጠበቃ ነበር። ጥብቅናውን ትቶ ሙሉ በሙሉ ወደ መድረክ የገባው አርባ ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። የሠራበትን መንገድ ቅደም ተከተል ስንመለከት የሰውየው ጥበብ ይገለጥልናል። በ1738 ባቀረበው አንድ ኮሜዲ ውስጥ የዋናውን ገጸ ባሕርይ ንግግር ብቻ ጽፎ የሌሎቹን እንደ ልማዱ ለተዋንያኑ ተወው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የተጻፈ ኮሜዲ ያቀረበው ከአምስት ዓመት በኋላ በ1743 ነው። በ1745 ደግሞ በፒሳ ከተማ በጥብቅና ሥራ ላይ ሳለ ዝነኛው ተዋናይ አንቶኒዮ ሳኪ በደብዳቤ ሲለምነው «የሁለት ጌቶች አሽከር» የተባለውን ኮሜዲ አዘጋጅቶ ላከለት፤ ይኸውም ለሳኪ ፈጠራ ሰፊ ቦታ የተወ ንድፍ ነበር። ሙሉ ቃሉን የጻፈው በኋላ ነው። ወደ ፊት ሁለት እርምጃ፣ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ማለት ነው።

በ1748 ጎልዶኒ የቡድን አለቃ ከሆነው ከጂሮላሞ ሜደባክ ጋር ተዋዋለና በቬኒስ በሳንት አንጀሎ ቲያትር መሥራት ጀመረ። ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ኮሜዲ ሳይሳካለት ቀርቶ ቡድኑም ከፍተኛ ተዋናዩን ባጣ ጊዜ፣ ለሚቀጥለው የቲያትር ወቅት 16 አዳዲስ ኮሜዲዎች እንደሚያቀርብ ለሕዝብ ቃል ገባ፤ ቃሉንም ጠበቀ። ከዐሥራ ስድስቱ አንዱ የሆነው «የኮሜዲ ቲያትር» የተሐድሶው መግለጫ ነው፤ መግለጫነቱ ግን በስብከት መልክ አይደለም። መድረኩ ላይ የምናየው ልምምድ የሚያደርግ የተዋንያን ቡድን ነው። የቀድሞው ተዋናይ ድርሰት በቃሉ ማጥናት እንዳይከብደው ይሰጋል። የተራበ ገጣሚ ደግሞ አሮጌ ንድፎቹን ሊሸጥላቸው ይመጣል። ጭምብሉ ለምን ጨርሶ አይወገድም የሚል ጥያቄ ሲነሣ የቡድኑ አለቃ ጊዜው ገና እንደ ሆነና ከሕዝብ ፊት ለፊት መጋጨት እንደማይገባ ይመልሳል። የጎልዶኒ የአሠራር መርሕ ከዚህ በላይ ግልጽ ሆኖ የተነገረበት ቦታ የለም።

፫. ከጭምብሉ በስተጀርባ የተገኘው

በዚያው በ1750 መታተም በጀመረው የድርሰቶቹ መድበል መቅድም ላይ ጎልዶኒ ከሁሉ አብልጦ የተማረባቸው ሁለት መጻሕፍት ዓለምና ቲያትር እንደ ሆኑ ይናገራል። ዓለም የሰውን ጠባይ አሳየችው፤ ቲያትር ደግሞ ያን ጠባይ ለተመልካች የሚያቀርብበትን መንገድ አስተማረው። ጭምብልን የነቀፈውም በዚሁ ምክንያት ነው። ዘመናዊ ተመልካች በተዋናዩ ፊት ላይ የልቡን መለዋወጥ ማየት ይሻል፤ ከቆዳ የተሠራ ፊት ግን አይቀላም፣ አይገረጣም።

ጭምብሉ ሲወልቅ የተለወጠው የትወና ዘዴ ብቻ አልነበረም። ፓንታሎኔ መሳቂያ ሽማግሌ መሆኑ ቀርቶ ቃሉን የሚያከብር፣ ቤቱን የሚያስተዳድር ነጋዴ ሆኖ ብቅ አለ። በ1753 በቀረበው «የእንግዳ ማረፊያዋ ባለቤት» በተባለው ኮሜዲ ውስጥ ከማዕረግ በቀር ምንም የሌለው ማርኪዝና ማዕረጉን በገንዘብ የገዛ ኮንት ለሚራንዶሊና ፍቅር ይሽቀዳደማሉ። ሴት እጠላለሁ የሚለው ሦስተኛው መኰንንም በብልሃቷ ይንበረከካል። እርሷ ግን የምታገባው የቤቷን አስተናጋጅ ነው። በእጁ ሠርቶ የሚያድር ሰው የሥራውን ክብር ይዞ ወደ መድረኩ መካከል መጣ ማለት ነው።

እዚህ ላይ የተሐድሶውን ወሰን መርሳት አይገባም። ቬኒስ በመኳንንት የምትተዳደር ሪፐብሊክ ስለ ነበረች የከተማይቱ መኳንንት በመድረክ ላይ መሳለቂያ ሊሆኑ አይችሉም ነበር፤ የሚራንዶሊና ማረፊያ በፍሎረንስ የሆነውም በከንቱ አይደለም። ጎልዶኒ የእንግሊዛዊውን የሪቻርድሰንን «ፓሜላ» ወደ ተውኔት ሲመልስ ገረዲቱ ጌታዋን የምታገባበትን መጨረሻ ለውጦ፣ አባቷ በስውር የኖረ መኰንን ሆኖ እንዲገኝ አደረገ። በቬኒስ ሕግ መኰንን ከተራ ሰው ልጅ ጋር ቢጋባ ልጆቹ መኳንንትነታቸውን ያጡ ነበርና። ይህን እንደ ፍርሃት የሚቈጥር ይኖራል። በእኔ አስተያየት ግን ተመልካቹንና መንግሥቱን ምን ያህል ሊያራምድ እንደሚችል የለካ ሰው ሥራ ነው።

፬. ተቃውሞው

ተቃውሞ ከሦስት አቅጣጫ መጣ። የመጀመሪያው ከገዛ አለቃው ነው። ሜደባክ ድርሰቶቹ የእኔ ንብረት ናቸው በማለት የማሳተሙን ጉዳይ በእጁ ስላደረገ፣ ጎልዶኒ በ1753 ወደ ሳን ሉካ ቲያትር ተዛወረና ሥራዎቹን በፍሎረንስ በራሱ አሳተመ። ሁለተኛው ከፒየትሮ ኪያሪ የመጣ ፉክክር ነበር፤ ይህ ደራሲ ጎልዶኒ ያቀረበውን እየተከተለ ተመሳሳይ ሥራ በማውጣት ተመልካቹን በሁለት ከፈለው።

ከሁሉም የጠነከረው ግን የካርሎ ጎትሲ ተቃውሞ ነው። ጎትሲ የወደቀ የመኳንንት ቤት ልጅ፣ የቋንቋ ንጽሕና ጠባቂ ነበር። የጎልዶኒ ኮሜዲዎች የተራውን ሰው ምግባር ከፍ አድርገው መኳንንቱን ያዋርዳሉ ሲል ከሰሰ፤ ይህም ክስ ከጥበብ ይልቅ የሥርዓት ጉዳይ እንደ ነበረ ግልጽ ነው። በ1761 ጎትሲ በልጆች ተረት ላይ የተመሠረተውን «የሦስቱ ብርቱካኖች ፍቅር» ለመድረክ አበቃ። በውስጡም ሁለቱን ባላንጣዎች በጠንቋይ መልክ አላገጠባቸው። ጭምብሎቹን አጥልቆ የተጫወተለት ደግሞ ጎልዶኒ ቀድሞ የጻፈለት የሳኪ ቡድን ነበር። ሕዝቡ ወደዚያ ጎረፈ። ጎልዶኒ ሕዝብን አስተምሬዋለሁ ብሎ በሚያስብበት ሰዓት ሕዝቡ አሮጌውን ሳቅ እንደ ናፈቀ ታየ።

የሚያስገርመው ግን እጅግ የበሰሉት ኮሜዲዎቹ የተጻፉት በእነዚያው የፈተና ዓመታት መሆኑ ነው። በ1762 ያቀረበው «የኪዮጃ ጠብ» የዓሣ አጥማጆችን ሰፈር በገዛ ዘዬአቸው ያናግራል። ጎልዶኒ በወጣትነቱ በኪዮጃ በወንጀል ችሎት ጽሕፈት ቤት ረዳት ሆኖ ሠርቶ ስለ ነበር የሚጽፈውን ያውቃል። ከ24 ዓመት በኋላ ጎተ በቬኒስ ይህን ተውኔት አይቶ፣ ሕዝቡ ራሱን በመድረክ ላይ በማየቱ የተሰማውን ደስታ በአድናቆት መዝግቦታል።

፭. ስደት

በ1762 ጎልዶኒ በፓሪስ የኢጣልያውያን ቲያትር ለሁለት ዓመት እንዲሠራ የቀረበለትን ጥሪ ተቀበለ። የመሰናበቻ ተውኔቱ «ከካርኒቫል የመጨረሻ ምሽቶች አንዱ» ይባላል። ነገሩ የሚፈጸመው በሐር ሠሪዎች ቤት ነው፤ የጨርቅ ንድፍ የሚያወጣው ወጣት ወደ ሞስኮ ሊሄድ ተነሥቷል፤ ወዳጆቹም ያዝናሉ። ደራሲው ራሱ እንደ ገለጸው ንድፍ አውጪው እርሱ፣ ሸማኔዎቹም ተዋንያኑ ናቸው። ወጣቱ ከሄደበት ንድፍ እንደሚልክ ተስፋ ይሰጣል።

በፓሪስ የጠበቀው ነገር መራራ ነበር። የቲያትሩ ተዋንያን የተጻፈ ድርሰት አልለመዱም፤ ተመልካቹም ከኢጣልያኖች የሚፈልገው አርሌኪኖን ነው። በቬኒስ ሃያ ዓመት የለፋበትን መንገድ በሃምሳ አምስት ዓመቱ ከንድፍ ጽሑፍ እንደገና ጀመረ። ይህ ለእኔ የታሪኩ ዋና ትምህርት ነው። ተሐድሶው በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ የሚዞር ሐሳብ ቢሆን ኖሮ ባለቤቱ ይዞት በሄደ ነበር። ነገር ግን በአንድ ከተማ ሕዝብና ተዋንያን መካከል የተገነባ መግባባት ስለ ነበረ በዕቃ ተጭኖ የሚሄድ አልሆነም።

ቢሆንም ሰውየው አልቦዘነም። በፓሪስ በንድፍ የጀመረውን «ማራገቢያው»ን ሙሉ ቃሉን ጽፎ ወደ ቬኒስ ላከና በ1765 ታየ። ለንጉሡ ቤተሰብ ኢጣልያንኛ አስተማረ። በ1771 በተውሶ ቋንቋ፣ በፈረንሳይኛ፣ የጻፈው ኮሜዲ በኮሜዲ ፍራንሴዝ መድረክ ተደነቀለት። የሕይወት ታሪኩንም በፈረንሳይኛ ጽፎ በ1787 አሳተመ። ለሁለት ዓመት የወጣው ሰው ሠላሳ ዓመት ቆየ፤ ቬኒስንም ዳግመኛ አላየም። በ1792 አብዮቱ የንጉሡን የጡረታ ድጎማ ሲያቋርጥ በድህነት ወደቀ። ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1793 ገጣሚው ማሪ ጆሴፍ ሼኒዬ ባቀረበው ሐሳብ የፈረንሳይ ኮንቬንሲዮን ድጎማው እንዲመለስለት ወሰነ። ጎልዶኒ ያረፈው ግን በዋዜማው ነበር። የሚገባው ገንዘብ ከፊሉ ለባለቤቱ ተሰጠ።

መደምደሚያ

በዚያች ምሽት የፈረደ ሰው ጎትሲ እንዳሸነፈ ሊናገር ይችል ነበር። ጊዜ ግን ሌላ ፈረደ። የሳኪ ቀልድ ከሳኪ ጋር ተቀበረ፤ በቃሉ ያፈለቀውን ማንም አልጻፈውምና። በ1947 ጆርጆ ስትሬለር በሚላኖ በተመሠረተው ፒኮሎ ቴአትሮ የኮሜዲያ ዴል አርቴን ጥበብ ለአዲስ ትውልድ ሊያሳይ በተነሣ ጊዜ ያነሣው «የሁለት ጌቶች አሽከር»ን ነው። ያ ዝግጅት ዓለምን ዞረ፤ ፌሩቾ ሶሌሪ የተባለው ተዋናይ ብቻውን ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ አርሌኪኖን ተጫውቶበታል። ስለዚህ የጭምብሉ ጥበብ ዛሬ በመድረክ የሚታየው በአብዛኛው ጭምብሉን ባወለቀው ሰው ብዕር አማካይነት ነው።

ከአገራችን ርቀን የምንጽፍ ሰዎች ከዚህ ታሪክ ማጽናኛ ብቻ እንዳንፈልግ ያስፈልጋል። ጎልዶኒ በስደት የጻፈው ወደ አገሩ ሲደርስ ሕይወት ያገኘው፣ ከመውጣቱ በፊት ለዐሥርታት ከተዋንያኑና ከሕዝቡ ጋር ስለ ኖረ ነው። የሚላከውን ንድፍ የሚሸምኑት በአገር ቤት ያሉት ናቸው፤ የእነርሱን እጅ የማያውቅ ንድፍ አውጪ ወረቀት ብቻ ይልካል።