ጸዳል ወደ ተሣለው ክፍል እንዴት እንደ ገባ
ገና ያልታነጸውን ቤት ውስጡን በኮምፒዩተር የሚሥሉ ጠበብት፣ በመጀመሪያው ዘመን ከምንጩ በቀጥታ የሚወርደውን ጨረር ብቻ ያሰሉ ስለ ነበር፣ ጨረር ያልደረሰበት ማዕዘን ፈጽሞ እንዳይጨልም በሁሉም ላይ አንድ ወጥ ብርሃን ያፈሱ ነበር፤ ክፍሉም ሕይወት አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1984 ግን በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሲንዲ ጎራል፣ ኬኔት ቶራንስ፣ ዶናልድ ግሪንበርግና ቤኔት ባታይል፣ መሐንዲሶች የሙቀትን መተላለፍ ከሚመረምሩበት ጥበብ ስሌቱን ወስደው፣ ግድግዳ ከግድግዳ የሚቀባበለውን ጸዳል ለመስፈር ቻሉ። ፍሬውም በአንዲት ባዶ ሣጥን ታየ፤ በቀዩ ግድግዳ አጠገብ ያለው ነጭ ገጽ በስሱ ቀልቶ ተገኘ፤ ይህም በየቤታችን ዘወትር እያየነው ልብ የማንለው ነገር ነው። ከመስተዋት ነጸብራቅ ሁሉ ይልቅ ይህች ስስ ቅላት ለእኔ ትበልጥብኛለች። በ1986 ጄምስ ካጂያ የብርሃንን ጉዞ ሁሉ በአንድ ቀመር ጠቀለለው፤ ስሌቱ እጅግ አድካሚ በመሆኑ ግን በየአርክቴክቱ ጠረጴዛ እስኪደርስ ብዙ ዓመታት ፈጀ።