የወሎ ረሃብና የተቆለፈው ፋይል

ከኮምቦልቻ ሽቅብ ወደ ደሴ ፒያሳ የሚወስደው አውራ ጎዳና በ1965 ዓ.ም. ሁለት ዓይነት መንገደኛ ያስተናግድ ነበር። አንደኛው በሬውንም ዘሩንም ጨርሶ እርዳታ ፍለጋ የወጣው የወሎ ገበሬ ነው፤ ሁለተኛው ከዚያው ከወሎ እህል ጭኖ የሚወጣው መኪና። በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እምብዛም አልናረም። አማርትያ ሴን ኋላ እንዳስረዱት ገበሬው ያጣው መግዣውን ነበር።

መንግሥት ይህን አያውቅም ነበርን? በሚያዝያ 1965 የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ያነሡትን ፎቶግራፍ በአዲስ አበባ ግቢያቸው አሳይተዋል። ባለሥልጣናቱ ግን ነገሩን ማፈን መረጡ፤ የውጭ ድርጅቶችም መንግሥትን ላለማስቀየም አብረው ዝም አሉ። ዝምታው የተሰበረው በጥቅምት 1966 የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲታይ ነው። የሟቾቹ ግምት ዛሬም ከ40 ሺህ እስከ 200 ሺህ ይዋልላል። የተደበቀ ሞት በወጉ አይቆጠርምና።

ደርግ ያንኑ ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስል ጋር አዳብሎ ለሕዝብ አሳየ፤ በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ። የባለሥልጣናቱን ጥፋት የሚያጣራ ኮሚሽንም በፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ሰብሳቢነት ሥራ ጀምሮ ነበር። ሆኖም ምርመራው ሳያልቅ፣ ህዳር 14 ቀን 1967፣ ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ከእነርሱ አንዱ በረሃቡ ዘመን ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ናቸው። ለኮሚሽኑ የጻፉት ማስታወሻ ከዓመታት በኋላ ታትሟል፤ በጻፉት ላይ የሚጠየቁበት ችሎት ግን አልተሰየመም። ማን ለማን ጻፈ? ማን አንብቦ መሳቢያ ውስጥ ከተተው? መልሱ ከሰዎቹ ጋር ተቀበረ።

በተደበቀ ረሃብ ሥልጣን የያዘው ደርግ ከአሥር ዓመት በኋላ ምን አደረገ? ወሎ ዳግም ስትራብ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ አከበረ፤ የአገር ውስጥ መገናኛ ብዙኃንም በዓሉን እንጂ ረሃቡን አላወሩም። መንግሥት ተለወጠ፤ ፋይል የመቆለፍ ልማዱ ግን ተወረሰ።

ዛሬ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 እና አዋጅ ቁጥር 590/2000 መረጃ የማግኘት መብትን ደንግገዋል። መብቱ የሚለካው ግን መንግሥትን የሚያሳፍር ሰነድ በተጠየቀ ጊዜ ነው። የወደቀውን መንግሥት ገመና ማሳየት ለማንም አይከብድም፤ ቁም ነገሩ የራስን ፋይል መክፈት ነው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። በ1965 ዓ.ም. በዚያ ጎዳና ዳር ለወደቁት ግን ንጋቱ ዘገየባቸው።