ሳተርን ስንት ጨረቃ አላት?

ይህች ጥያቄ ያልተጠየቀችበት ዓመት የለም። ደሴ ውስጥ ፊዚክስ ሳስተምር የሳይንስ ክበቡን የጥያቄና መልስ ውድድር የማዘጋጀው እኔ ነበርኩ። ጡረታ ስወጣ የካርዶቹን ሣጥን ይዤ ወጣሁ፤ የሚፈልገው ሰው ስላልነበረ የት ወሰድከው ያለኝም የለም። ካርዶቹ ከአሮጌ ደብተር ሽፋን የተቆረጡ ናቸው፤ በአንዱ ፊት ጥያቄ፣ በጀርባው መልስ። በሳተርን ካርድ ጀርባ ላይ 18 ተሰርዞ 30 ተጽፏል፣ 30 ተሰርዞ 62፣ እሱም ተሰርዞ 82። ከዚያ በኋላ ቦታ አለቀ።

ውድድሩን ያላየ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። ከየክፍሉ ሦስት ሦስት ተወካይ ይወጣል፣ ዳኞች በጠረጴዛ ይደረደራሉ፣ አንዱ መምህር የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ ሰዓት ያዥ ይሆናል፤ የሚኒ ሚዲያው ድምፅ ማጉያ ደግሞ ከጥያቄው ይልቅ የራሱን ፉጨት ያሰማል። ተወዳዳሪዎቹ ካልመለሱ ጥያቄው «ወደ ተመልካች ይተላለፋል»፤ ግቢው የሚናወጠው ያኔ ነው። የወላጆች ቀን ላይ ሽልማቱ ደብተርና እስክሪብቶ ነው፤ አንደኛ ለወጣው ደግሞ መዝገበ ቃላት። ጥያቄዎቹን የምንቀዳው ከመማሪያ መጽሐፍ፣ አዟሪዎች ከሚሸጧቸው የ«ጠቅላላ ዕውቀት» መጻሕፍትና ከማታ ሬዲዮ ነበር። አንድ የማይሻር ሕግ ነበረን፦ ካርዱ ያለው ይጸናል።

አገራችን ሰው የሰማይን ነገር እየጠየቀች መፈተን የጀመረችው በሚኒ ሚዲያ አይደለም። አጎቴ መሪጌታ ነበሩ፤ የሚመጣው ዓመት ፋሲካ መቼ እንደሚውል ሲጠየቁ በቃል የያዙትን ቀን አይናገሩም፣ ያሰላሉ። ለምሳሌ ለ2018 ዓ.ም. 5500ን ደምረው 7518 ይላሉ። በ19 ሲገድፉት 13 ይቀራል፤ አንድ ቀንሰው ወንበሩን 12 ያደርጉታል። ወንበሩን በ11 አባዝተው በ30 ሲገድፉ አበቅቴው 12 ይወጣል፤ በ19 አባዝተው ሲገድፉ መጥቅዑ 18። ሁለቱ ተደምረው 30 ካልሞሉ የሆነ ቦታ ተሳስተዋል ማለት ነው። የባሕረ ሐሳብን ፈተና የምወደው ለዚህ ነው፤ መልሱ ማረጋገጫውን ይዞ ይመጣል፣ ተፈታኙም ከፈታኙ ካርድ ጋር መሟገት አያስፈልገውም። የእኛ ውድድር ግን መልሱን እንጂ መንገዱን ጠይቆ አያውቅም።

ከሁሉ በላይ ያጨቃጨቀን የፕላኔቶች ካርድ ነው። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ፕራግ ላይ ተሰብስቦ ፕሉቶን ከፕላኔትነት ያወጣት ነሐሴ 18 ቀን 1998 ዓ.ም. ነበር። ወሩ ክረምት ነው፣ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። መስከረም ላይ ተማሪው ሲመለስ መጽሐፉም ካርዱም ዘጠኝ እንዳሉ ነበሩ። በዚያ ዓመት ውድድር አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ «ስምንት» ብላ መለሰች። ዳኞቹ አንገት ለአንገት ተያይዘው ተንሾካሾኩና ካርዱ ያለው ይጸናል አሉ። ልጅቷ «በሬዲዮ ሰምቻለሁ!» ብላ ጮኸች፤ ተመልካቹም ግማሹ ከእሷ ጋር ጮኸ። እኔ አዘጋጅ እንጂ ዳኛ ስላልነበርኩ ድምፅ አልነበረኝም። ነጥቡ ሳይሰጣት ቀረ።

በሳምንቱ መምህራን ክፍል ውስጥ የተሰማው ፌዝ ሌላ ነው። ፕላኔት በእጅ ማውጣት ይሻራል ወይ? እንግዲህ ያን ቀን እጃቸውን ያወጡት 424 ያህል ሊቃውንት ነበሩ። ድምፅ የሰጡበት ጉዳይ ግን ፕሉቶ ብቻ አልነበረችም። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት እነ ማይክ ብራውን ኤሪስን አግኝተው ነበር፤ በወቅቱ ከፕሉቶ የምትበልጥ መስላ ነበር። ስለዚህ ወይ ኤሪስ አሥረኛ ትባላለች፣ ቀጥሎም አሥራ አንደኛና አሥራ ሁለተኛ ይመጣሉ፤ ወይ ደግሞ ፕላኔት ማለት ምን እንደሆነ ይወሰናል። ወሰኑ፤ ፀሐይን መዞር፣ በራስ ክብደት መድቦልቦል፣ የሚዞሩበትን መስመር ከሌላ አካል ማጽዳት። ፕሉቶ በሦስተኛው ወደቀች።

ይህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሆነ ነገር አልነበረም። (የግኝት ዓመቶችን እንደ አውሮፓውያን እጠራለሁ፤ የእኛን ስጠራ ዓ.ም. እላለሁ።) ኮፐርኒከስ በ1543 ምድርን ከፕላኔቶች ሲቆጥራት ስድስት ነበሩ። በ1781 ዊልያም ኸርሸል እንግሊዝ ውስጥ ባዝ ከተማ ከቤቱ ሆኖ ዩራነስን አገኘና ሰባት ሆኑ። በ1801 የመጀመሪያዋ ቀን ጁሴፔ ፒያትሲ ፓሌርሞ ላይ ሴረስን አገኘ፤ ፓላስ፣ ጁኖና ቬስታ ተከተሉ፤ ከ1807 ጀምሮ ለአርባ ዓመት ገደማ በአውሮፓ ትምህርት ቤቶች ትክክለኛው መልስ አሥራ አንድ ነበር። ከዚያ እነዚያ ትንንሾቹ ሲበዙ ከፕላኔት ተራ ወጡና አስትሮይድ ተባሉ። በ1846 ኔፕቱን፣ በ1930 በአሪዞና ክላይድ ቶምባው ያገኛት ፕሉቶ ገቡ። የእኛ ካርድ የያዘው ዘጠኝ ከ1930 እስከ 2006 ብቻ የኖረ መልስ ነው፤ ሰባ ስድስት ዓመት። ለካርድ ግን ብዙ ነው።

ወደ ሳተርን ልመለስ፤ የእሷ ነገር ከፕሉቶ ይልቅ ይገርመኛል። ክርስቲያን ሃይገንስ በ1655 ታይታንን ሲያገኝ መልሱ አንድ ነበር። ካሲኒ እስከ 1684 አራት ጨመረ። ቮዬጀር መንኩራኩሮች በ1980 እና በ1981 በአጠገቧ ሲያልፉ ያነሷቸው ፎቶዎች ተጠንተው ሳያልቁ ዓመታት አለፉ፤ አሥራ ስምንተኛዋ ጨረቃ ፓን የተገኘችው ዘጠኝ ዓመት መዝገብ ቤት ተቀምጠው በነበሩ በእነዚያ ፎቶዎች ላይ፣ በ1990 ነው። ከዚያ በኋላ ቁጥሩን በአብዛኛው ያንቀሳቀሰው ከምድር የሚደረግ ምልከታ ነው። በ2000 በአንድ ጊዜ አሥራ ሁለት አዳዲስ ጨረቃዎች ተገኙ። በ2019 ሃያ ተጨመሩና 82 ሆነው ጁፒተርን በለጡ። በ2023 መጀመሪያ ጁፒተር 92 ብላ መልሳ መራች፤ ጥቂት ወራት ሳይቆይ ሳተርን 146 ደረሰች። በመጋቢት 2025 ደግሞ 128 አዳዲስ በአንድ ቀን ጸደቁላትና 274 ሆኑ።

ይህ የሆነው ሳተርን ስለወለደች አይደለም። አዳዲሶቹ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ስፋት ያላቸው ድንጋዮች ናቸው፤ በአንድ ፎቶ ላይ አይታዩም። ሃዋይ ማውና ኬያ ተራራ ላይ ባለው የካናዳ፣ የፈረንሳይና የሃዋይ ቴሌስኮፕ የሚሠሩት ሰዎች ለሰዓታት በተከታታይ ፎቶ ያነሳሉ። ከዚያ ፎቶዎቹን ሳተርን በምትጓዝበት ፍጥነት ልክ እያንሸራተቱ ይደራርቧቸዋል። ከዋክብቱ ተጎትተው ሰንበር ይሆናሉ፤ ከፕላኔቷ ጋር አብራ የምትጓዘው ደካማ ነጥብ ግን በራሷ ላይ እየተደረበች ትደምቃለች። ብዙዎቹ ወደ ኋላ፣ ማለትም ሳተርን ከምትሽከረከርበት አቅጣጫ በተቃራኒ ይዞራሉ፤ ቀድሞ ተጋጭተው የተሰባበሩ ትላልቅ አካላት ስብርባሪ እንደሆኑ ይታመናል። እዚህ ላይ ዳኛውን ላብ የሚያጠምቅ ነገር አለ፤ ጨረቃ ለመባል ስንት መስፋት እንዳለበት የተደነገገ ዝቅተኛ ልክ የለም። የሳተርን ቀለበት ደግሞ የበረዶና የድንጋይ ፍርፋሪ ነው። ስለዚህ «ስንት ጨረቃ አላት?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ግማሽ ጎኑ ክፍት ነው።

ውድድሩን ዛሬ ለሚያዘጋጅ መምህር የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ካርዱ ላይ ዓመት ይጻፍ። «እስከ 2025 ድረስ ስንት ጨረቃ ታውቋል?» ብሎ መጠየቅ ጥያቄውን አያከብደውም፣ ዳኛውን ግን ከጭቅጭቅ ያድናል። ከተቻለ ሁለተኛ ጥያቄ ይከተል፦ በምን ታወቀ? ሁለተኛው ነጥቡ እጥፍ ቢሆን ደስ ይለኛል። አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህን ሲሰሙ ውድድሩ ፍጥነቱን ያጣል ይላሉ። ይጣ።

ዓመት የሚያስፈልገው ለሰማዩ ብቻ አይደለም። «ጥንታዊው የሰው ዘር ቅሪት የቱ ነው?» ለሚለው ካርድ መልሳችን ድንቅነሽ ነበረች፤ ኅዳር 1974 ሐዳር ላይ የተገኘችው፣ የ3.2 ሚሊዮን ዓመት ባለዕድሜ። አፋር ውስጥ አራሚስ ላይ በ1994 የተገኘችው አርዲ 4.4 ሚሊዮን ዓመት ስትባል እንኳ መልሱ ከቤታችን ስላልወጣ ቅር ያለው አልነበረም። በ2001 ቻድ ውስጥ ሰባት ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሚገመተው የራስ ቅል ሲገኝ ግን ካርዱን ለማረም እጁ የቸኮለ ሰው አላየሁም። አገር የሚያኮራ መልስ ከሌላው ይልቅ ዕድሜው ይረዝማል።

ድንቅነሽ ግን በሌላ በር ተመልሳ ገባች። ናሳ በጥቅምት 2021 ያመጠቃት ሉሲ የተባለች መንኩራኩር ኖቬምበር 1 ቀን 2023 ድንቅነሽ በተባለች አስትሮይድ አጠገብ አለፈች። ስፋቷ አንድ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ፎቶው ሲመጣ አንዲት ጨረቃ እየዞረቻት ተገኘች፤ ቀጥሎ በመጣው ፎቶ ደግሞ ጨረቃዋ ራሷ ተነካክተው የተጣበቁ ሁለት አካላት ሆና ታየች። ስሟ ሰላም ተባለ፤ ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ዲኪካ ላይ ባገኛት፣ 3.3 ሚሊዮን ዓመት በሆናት ሕፃን ስም። ጥያቄውን ወዲያው ነው ያረቀቅሁት፦ ድንቅነሽ ስንት ጨረቃ አላት? አንድ ያለም ሁለት ያለም ይከራከርበት።

ሌላዋ የምወዳት ካርድ አቦል ናት። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት በ2019 መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር ከመቶ ለሚበልጡ አገሮች አንድ አንድ ኮከብና አንድ አንድ ፕላኔት እንዲሰይሙ ዕድል ሰጠ። ለኢትዮጵያ የደረሰው በአንድሮሜዳ ኅብረ ከዋክብት ውስጥ፣ ወደ 200 የብርሃን ዓመት ርቆ ያለ ኮከብ ነው። ኮከቡ ቡና ተባለ፣ ፕላኔቷ አቦል። ስሙ የታወጀው በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ነው፤ የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይትም ከቻይናው ታይዩዋን ጣቢያ የመጠቀችው በዚያው ወር፣ በ10ኛው ቀን ነበር። አቦል ከጁፒተር ከአራት እጥፍ በላይ የከበደች ግዙፍ ናት፤ ጀበና የሚጣድባት መሬት የላትም። ካርዷ ላይ ዓመት ጽፌያለሁ። በዚያ ኮከብ ዙሪያ ሁለተኛ ከተገኘ ቶና እንዲባል ከአሁኑ እየተሟገትኩ ነው፤ ጎረቤቴ ደግሞ ሦስተኛው ቀድሞ ቢገኝስ፣ በረካ ከቶና በፊት ይቀዳል ወይ እያለ ያደርቀኛል።